የኋላው በር

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

ሚስ ሰብለወርቅ ዛሬ ለጋዜጣና መጽሔት ክፍል ተማሪዎች ሁሉ አንዳንድ ደብተር አደለችን። ለኔ አታሳዩኝም፣ አላርመውም፣ ነጥብም አይያዝበትም አለች። ጋዜጠኛ ያየውንና የሰማውን በየዕለቱ ካልጻፈ በሳምንቱ መጨረሻ የሚያስታውሰው ደስ ያለውን ብቻ ነው ትላለች። አማርኛ መምህር ከመሆኗ በፊት ሬዲዮ ጣቢያ ትሠራ ስለነበር አምናታለሁ።

እንግዲህ ልጀምር። ዕድላዊት አሥራት እባላለሁ፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። ትምህርት ቤታችን ሰበታ ውስጥ፣ የጅማው አስፋልት ዳር ነው። ዛሬ የ«ደወል» ዋና አዘጋጅ ሆኜ ተመረጥኩ። «ደወል» በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ መግቢያው ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ጋዜጣ ነው። የስምንተኛ ክፍል የምረቃ መጽሔትም የኛ ሥራ ነው። እጅ ሲወጣልኝ አልተገረምኩም። ከኔ ሌላ ማን ሊሆን ነበር?

ቢኒ ፎቶ አንሺ ሆነ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ነው የተማርነው። ትንሽ ይናገራል፣ ብዙ ያያል።

ማታ ለአባዬ ነገርኩት። «ከእንግዲህ እቤት ውስጥም ተጠንቅቀን ማውራት አለብን ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። አባዬ አዲስ አበባ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመጣል። እንደዚያም ሆኖ የትምህርት ቤታችን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ስብሰባ ላይ ሲናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። እኔ ድምፄን የወረስኩት ከሱ ነው።

መጋቢት 4

ቸኩያለሁ። የመጽሔቱ ፎቶ ተጀመረ። የስምንተኛ «ለ» ልጆች ግማሾቹ ዩኒፎርም ሳይለብሱ መጡ። መለስኳቸው። አኮረፉ። ያኩርፉ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የሆነውን ሳይረሳኝ ልጻፍ።

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍል ውስጥ ሆነን የመጽሔቱን ሽፋን እየመረጥን ነበር። ትንንሾቹ ከኛ ቀድመው ነው የሚለቀቁት። ድንገት የፍሬን ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ጩኸት። እኔና ቢኒ ሮጠን ወጣን። ከዋናው በር ፊት ለፊት አንድ ባጃጅ በጎኑ ወድቋል። አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሲመጣበት ሊሸሽ ብሎ ወደ ዳር ወጥቷል አሉ። ሲኖትራኩ ሳይቆም ሄዷል። ሦስተኛ ክፍል ያለችው ሉሲ መሬት ላይ ተቀምጣ እግሯን ይዛ ታለቅሳለች። የባጃጁ ሹፌር እሱም ግንባሩ እየደማ ነበር፤ ልጅቷን አቅፎ ወደ ሌላ መኪና ገባና ሆስፒታል ወሰዳት።

ቢኒ ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ አንድም ፎቶ አላነሳም። ለምን ብዬ ጮህኩበት፤ የፊት ገጹ ባዶ መሆኑን ታውቃለህ አይደል አልኩት። እሱ የወደቀውን የሉሲን ቦርሳ አንስቶ አቧራውን ሲያራግፍ ነበር።

አሁን ሳስበው እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ግን ገጹ እውነትም ባዶ ነበር።

መጋቢት 11

እግሯ ተሰብሯል፤ በጄሶ ታሽጓል። ሌላ ቦታዋ ደህና ነው። ተመስገን።

ርዕሰ መምህሩን አቶ ተክሉን አነጋገርኩ። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቄ ነው፤ በጣም ቀላል ነበር። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ውሃ አዘዙልኝ። ተማሪዋ ግራና ቀኝ ሳታይ ወደ አስፋልቱ ሮጣ በመግባቷ አደጋው ደረሰ አሉ። ቀስ ብለው ስለሚናገሩ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ርዕሱንም እዚያው ተቀምጬ አወጣሁት፦ «በጥንቃቄ ጉድለት ተማሪ ተጎዳች»።

ሚስ ሰብለወርቅ ለቅሶ ሄዳለች፤ ከማክሰኞ በፊት አትመለስም። ሳታየው መለጠፍ ይቻላል ወይ አለ ቢኒ። ዋና አዘጋጅ ማን ሆነና ነው?

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ተለጠፈ። በዕረፍት ሰዓት ግድግዳው ሥር መቆሚያ ጠፋ። አቶ ተክሉ በሁሉ ፊት ጨበጡኝ። ለአባዬ በስልክ ፎቶውን ላክሁለት። «ጎበዝ» ብሎ ብቻ መለሰ። ሌላ ጊዜ ይደውልልኝ ነበር። ሥራ በዝቶበት ይሆናል።

መጋቢት 16

ዛሬ የሉሲ እናት መጣች። ወይዘሮ አሰጋሽ ትባላለች፤ ገበያው አጠገብ ልብስ ትሰፋለች። ግድግዳው ፊት ቆማ ጋዜጣውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ስፖርቱን ሳይቀር። ከዚያ ዞር ብላ ይህን የጻፈው ማን ነው አለች። እኔ ነኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር በኩራት ነው ያልኩት።

«ልጄ፣ ስትመታ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ሉሲንስ ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ሉሲ አልሮጠችም። ዳር ላይ ቆማ መኪናው እስኪያልፍ ስትጠብቅ ነው ባጃጁ የመጣባት። አሁን ጓደኞቿ አንብበው መጥተው ለምን ሮጥሽ እያሏት ነው። ቤታችንን ቢኒ ያውቀዋል፤ ነይና ራሷን ጠይቂያት።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚስ ሰብለወርቅ ከለቅሶ ተመልሳ ሁሉንም ከበሩ ላይ ሰምታለች። አሁኑኑ ላውርደው አልኳት። አይወርድም አለች። ማረሚያ ትጽፊያለሽ፤ ዜናው በወጣበት ቦታ፣ በዚያው መጠን ባለው ፊደል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ አቶ ተክሉ አደጋው ሲደርስ የት ነበሩ አለችኝ። ቢሯቸው ውስጥ ነበሩ። ቢሯቸው ደግሞ ወደ አስፋልቱ መስኮት የለውም። ይህን እኔም አውቀው ነበር።

መጋቢት 17

በቃ ተሳስቻለሁ። ማንም ይሳሳታል። ግን ለምን ዳይሬክተሩን ማንም አይቆጣም? ሁሉም የሚያየኝ እኔን ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሳልፍ «ዋና ተሳሳች» አለኝ። ሳቁ።

ነገ ሉሲ ጋ እሄዳለሁ።

መጋቢት 18

ሄድን። ሉሲ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ፣ ጄሶዋ ላይ በእስክሪብቶ ድመት ስላ አገኘናት። ስለ አደጋው ሳይሆን ስለ ድመቷ ነበር ማውራት የፈለገችው። ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ቆሜ ነበር አለች። የእናቷ ልጅ ናት፤ ደጋግማ አትናገርም። ስንመለስ የባጃጁን ሹፌር ተራው ላይ አገኘነው። እሱም ልጅቷ ቆማ ነበር፣ ጥፋቱ የሷ አይደለም አለ። ግንባሩ ላይ የተለጠፈው ፋሻ አልተነሳም። ሁለት ሰው አንድ ነገር ነገረኝ። ሚስ ሰብለወርቅ ከሁለት ሰው ስሙ የምትለው ይህንን ነው።

ወይዘሮ አሰጋሽ ሌላም ነገር ነገረችኝ። ቤታቸው ከትምህርት ቤታችን ኋላ ነው፤ ከግቢያቸው የክፍላችን ጣሪያ ይታያል። የኋላው በር ክፍት በነበረ ጊዜ ሉሲ አስፋልት የሚባል ነገር አትረግጥም ነበር። በሩ ስለተዘጋ ግን በዋናው በር ወጥታ፣ በአስፋልቱ ዳር ዞራ ነው የምትመጣው። የዚያ ሰፈር ልጆች ሁሉ እንደዚያው። «በጥር ለኮሚቴው ሰብሳቢ ተናግሬ ነበር» አለች። «ከፈተና በኋላ እናየዋለን አሉኝ። በአክብሮት ነው የመለሱልኝ፤ አላንጓጠጡኝም።» ይህን ስትል እኔን አላየችኝም፤ የሉሲን ብርድ ልብስ ታስተካክል ነበር።

ለጊዜው «አንድ የኮሚቴ አባል» ብዬ ይዤዋለሁ። ስሙን በኋላ አጣራለሁ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ማረሚያው ወጣ። «ተማሪ ሉሲ አልሮጠችም» ብዬ ነው የጀመርኩት። ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። አቶ ተክሉ ዛሬ አልጨበጡኝም። ግን እውነት እላለሁ፣ ካለፈው ሰኞ ይልቅ ዛሬ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት። ሦስተኛ ክፍሎች መጥተው ጮክ ብለው እያነበቡ ነበር፤ አንዷ ለሌላዋ «አየሽ፣ ቆማ ነበር» ስትላት ሰማሁ።

ሚስ ሰብለወርቅ ጎበዝ አላለችኝም። ቀጣዩ ጥያቄ ምንድን ነው አለችኝ። የኋላው በር ለምን ተዘጋ አልኳት። ያዥው አለችኝ።

መጋቢት 24

ኦቦ ዲንቃን አነጋገርኩ። ዘበኛችን ናቸው፤ ሁለቱንም ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ናቸው። «አካም፣ ኢንታላ ኮ» ብለው፣ እንዴት ነሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ እንደ ልጃቸው ተቀበሉኝ። በሩ የተዘጋው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች በዚያ እየሾለኩ ፑል ቤት መዋል ስላበዙ ነው አሉኝ። እኔም አስታውሳለሁ። በሰልፍ ላይ ሲነገር አጨብጭቤያለሁ፤ ሁላችንም አጨብጭበናል።

ማን ወሰነ ብዬ ጠየቅኳቸው። ኮሚቴው አሉ። ከኮሚቴው ማን ትዕዛዙን ሰጠዎት ስላቸው ፊቴን አዩና «ይሄን እኔን ባትጠይቂኝ ነው የሚሻለው» አሉ። ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ደወሉም ስለተደወለ ሄድኩ።

መጋቢት 26

መጽሔቱ እያጣደፈኝ ነው። እያንዳንዱ ተመራቂ አንድ የስንብት ቃል ይጽፋል። ግማሹ ክፍል ከቲክቶክ የገለበጠውን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው ያመጣው። መለስኩት። ጆኒ የሚባለው ልጅ ብቻ «እናቴ በየቀኑ ከገላን ድረስ ለሥራ እየተመላለሰች አስተማረችኝ» ብሎ ጻፈ። የሱን አንድ ፊደል አልነካሁም።

ቢኒ የበሩ ዜናስ አለ። መጽሔቱ ይለቅ አልኩት።

መጋቢት 28

ሽፋኑ አለቀ። ፎቶዎች ተደረደሩ። የበሩን ነገር ነገ።

መጋቢት 29

የመምህራን ገጽ። ፊደላቱ ትንሽ ስለሆኑ ደግመን ሠራነው። መደገም አልነበረበትም አለ ቢኒ። አዘጋጇ እኔ ነኝ።

ማታ ሽሮው ቀርቦ አባዬ ብዙም አልበላም። ጾሙ ከብዶት ይሆናል። ሳህን ላጥብ ስገባ እማዬ «አሥራት፣ ሄደህ ጠይቃቸው» ስትለው ሰማሁ። «ምን ብዬ ነው የምገባው?» አላት። የታመመ ዘመድ አለ መሰለኝ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ሚስ ሰብለወርቅ ዜናሽ የት ደረሰ አለችኝ። ሰብሳቢውን ማግኘት አልቻልኩም፣ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ አዲስ አበባ ነው የሚሠሩት አልኳት። እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ነው የሚሠሩት። ደህና፣ ሞክሪ አለች። ኮሚቴውን አታውቀውም፤ እዚህ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው።

ስንወጣ ቢኒ ጠበቀኝ። «ትናንት ማታ ከሰብሳቢው ጋር አንድ ቤት ነው ያደራችሁት» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ምን አገባህ ብዬው ሄድኩ። ታክሲ ውስጥም ከሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

መብራት ጠፍቷል፤ በስልኬ ብርሃን ነው የምጽፈው።

እሺ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አባዬ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ለደብተሩ አዲስ አይደለም። ወይዘሮ አሰጋሽ በጥር የተናገረችው ለሱ ነው። ቤታቸው ተቀምጬ ስትነግረኝም ገብቶኛል። ሳትነግረኝም ሳይገባኝ አልቀረም። የፎቶውን፣ የመምህራኑን፣ የሽፋኑን ገጽ ስደጋግም የከረምኩት ለዚህ ነው። ሌላውን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ ሁልጊዜ ማታ አጠገቤ የሚቀመጠውን አንድ ሰው ግን አልጠየቅኩም።

አልፈራሁትም። አባዬ አይመታም፣ አይጮህም። የፈራሁት የሚመልስልኝን ነው።

ሚያዝያ 2

ለሚስ ሰብለወርቅ ነገርኳት። በደንብ ተቆጣችኝ። አባትሽ ስለሆነ አይደለም፣ ስለደበቅሽኝ ነው አለች። ሬዲዮ ጣቢያ እያለሁ እንዲህ ያደረገ ሰው ዜናው ይወሰድበት ነበር አለችኝ። ከዚያ ሁለት ነገር አስቀመጠችልኝ። ወይ ሁሉንም ለቢኒ አስረክቤ እሱ ይጽፈዋል፤ ወይ እኔ እጽፈዋለሁ፣ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ በዜናው ውስጥ ለአንባቢ እናገራለሁ፣ ቢኒም እያንዳንዱን ቃል ከድምፅ ቅጂው ጋር ያመሳክራል።

እኔ እጽፈዋለሁ አልኩ።

ቢኒን ይቅርታ ጠየቅኩት። ትከሻውን ነቀነቀና የካሜራውን ባትሪ ቻርጅ እንዳደርግለት ሰጠኝ። ታርቀናል ማለት ነው።

ሚያዝያ 5፣ ሆሳዕና

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ እማዬ የታሰረ ዘንባባዋን ጣቷ ላይ እንዳደረገች ጎረቤት ሄደች። አባዬ ጋቢውን ለብሶ ሶፋው ላይ ነበር። ስልኬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ስለ ኋላው በር ልጠይቅህ አልኩት።

«ለጋዜጣው ነው ወይስ ለራስሽ?» አለኝ።

«ለጋዜጣው።»

ተነስቶ መኝታ ቤት ገባ። ተቆጥቶ የሄደ መሰለኝ። ሲመለስ ሸሚዝና ኮት ለብሷል። ሶፋውን ትቶ ከምግብ ጠረጴዛው ወንበር ላይ ተቀመጠና ሌላውን ወንበር ለኔ ሳበልኝ። «ይጠይቁኝ» አለኝ።

አባዬ አንቱ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም እሱን። የቅጂውን ቁልፍ ተጫንኩ።

በሩ እንዲዘጋ ማን ሐሳብ አቀረበ ብዬ ጀመርኩ። እኔ አለ። የክፍል መምህራን ቅሬታ አቅርበው ነበር፣ ልጆች ይጠፋሉ፣ ወላጆችም ተቆጡ፤ አንድ በር ዘግቶ መቆለፍ ከሁሉ የቀለለው መፍትሔ ነበር አለ። ሌላ አማራጭ ነበር ወይ ስለው፣ በመውጫ ሰዓት ከፍቶ ሰው ማቆም ይቻል ነበር፣ ግን ማን ይቆማል የሚለውን ማንም መወያየት አልፈለገም አለ። ሁሉንም ሳይቸኩል፣ ስብሰባ ላይ እንደሚናገረው ነው የመለሰልኝ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ወረቀቴ ላይ በትልቁ ጽፌው ነበር፤ ግን ለመጠየቅ ወረቀቱን ማየት አላስፈለገኝም።

«ከአደጋው በፊት በሩ እንዲከፈት የጠየቀዎት ወላጅ ነበር?»

ውጭ ልጆች በዘንባባ ሲጫወቱ ይሰማል። አባዬ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየው።

«አዎ። አንዲት እናት ነበሩ። በጥር።»

«ምን መለሱላቸው?»

«ከፈተና በኋላ እናየዋለን አልኳቸው። ፈተናው አለፈ፤ አላየሁትም። ረሳሁት። የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ረሳሁት።»

ድምፁ መጨረሻው ላይ ትንሽ ተሰበረ። ቅጂውን ላቁም ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አታቁሚው አለኝ፤ አንቱታውን የረሳው እዚህ ላይ ነው። የልጅቷን እናት ይቅርታ ለመጠየቅ ፈልጎ በራቸው ድረስ ሄዶ ሳይገባ መመለሱን ነገረኝ። ይህን ግን አትጻፊው አለ።

«ለምን? ለአንተ ጥሩ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነው የማትጽፊው። ያልገባሁበት ቤት ነው።»

ከዚያ ስሜን ትጽፊያለሽ ወይ አለኝ። እጽፋለሁ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን ሳያወልቅ እስኪመሽ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

ሚያዝያ 7

ጽፌ ጨረስኩ። ርዕሱ «የኋላው በር ለምን ተዘጋ?» ነው። የመምህራኑን ቅሬታ ጽፌያለሁ፣ የፑል ቤቱንም፤ እኛ ተማሪዎች ስንሾልክ እንደነበርም። የወይዘሮ አሰጋሽን ቃል፣ የአባዬን ቃል። አትጻፊው ያለኝን አልጻፍኩም። ሚስ ሰብለወርቅ ቃሌን ከሰጠሁ መጠበቅ አለብኝ አለች።

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀኑን ሙሉ ያዘኝ። አሥር ዓይነት አድርጌ ጻፍኩት። «ዘጋቢዋ ከሰብሳቢው ጋር ዝምድና አላት» አልኩ፤ ሚስ ሰብለወርቅ ሰረዘችው። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ «የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አሥራት የዚህ ዜና ጸሐፊ አባት ናቸው።» ከላይ «በዕድላዊት አሥራት» ይላል፤ ከታች አቶ አሥራት። ማንም ሳይነገረው ያያይዘው ነበር። ቢሆንም መጻፉ ይሻላል።

ቢኒ ቅጂውን አዳመጠ። ሲጨርስ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ «ትክክል ነው» አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

አባዬ ዜናውን አሳይኝ አላለኝም። እኔም አላሳየሁትም፤ ሳይወጣ ለተጠያቂ አይታይም ተብለናል። ዶሮ ወጡ ላይ ሁላችንም ስለ ሌላ ነገር አወራን። እማዬ ዕንቁላሉን ለሱ ሁለት አደረገችለት።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

በበዓሉ ምክንያት ዛሬ ነው የለጠፍነው።

ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በፊት አቶ ተክሉ አስጠሩን። ጋዜጣው እንዲወርድ ይፈልጋሉ። አባትሽን በአደባባይ ማሳፈር ነውር አይደለም ወይ አሉኝ። ሚስ ሰብለወርቅ ግን በረጋ ድምፅ ስህተት ካለው ያሳዩን፣ ማረሚያ መጻፍ እናውቅበታለን አለቻቸው። አቶ ተክሉ መነጽራቸውን አድርገው ድጋሚ አነበቡት። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ እስከ ቅዳሜው የወላጆች ስብሰባ ይቆይ አሉ።

ኮሪደሩ ላይ አንዷ «የገዛ አባቷን!» ስትል ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ሚያዝያ 16

አባዬ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ ሳይሄድ መጀመሪያ ትምህርት ቤት መጣ። እኔ ፎቅ ላይ ነበርኩ። ቦርሳውን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። ልጆቹ ማን እንደሆነ ስላወቁ ቀስ ብለው ቦታ ለቀቁለት። አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁን አንስቶ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ከፎቅ የቱ መስመር እንደሆነ አይታይም። ከዚያ ለኦቦ ዲንቃ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ታክሲው ሄደ።

እስካሁን እየጻፍኩ የምጠብቀው የቤታችንን በር ድምፅ ነው።

መጣ። ብርድ ነው ዛሬ አለ፤ ራት በላን። ስለ ጋዜጣው አንድም ቃል አላነሳም። መኝታዬ ልገባ ስል «እናትየዋ 'አሰጋሽ' ነው የሚባሉት፤ በትክክል ጽፈሻል። እኔ ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር» አለኝ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ስብሰባውን የዘገብኩት እኔ ነኝ። ከኋላ ተቀምጬ፣ ከቢኒ ጋር።

አዳራሹ ሞልቷል። አጀንዳው የምረቃ ዝግጅት ነበር፤ አባዬ ግን ገና ሲከፍተው አስቀድሜ የምናገረው አለኝ አለ። ወይዘሮ አሰጋሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ስሟን ጠርቶ፣ ቆሞ፣ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቃት። በጥር ነግረውኝ አልሰማሁዎትም አላት። ከዚያ ከሰብሳቢነት እንደሚለቅ ተናገረ። አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ሰው ተነስቶ ልጅ በጻፈችው ወረቀት ሰብሳቢ አይለቅም አለ። አባዬ «ልጅቷ የጻፈችው እኔ ያልኩትን ነው» ብሎ መለሰለት።

ብዕሬ ቆመ። ቢኒ በክርኑ ነካኝ፤ ጻፊ ማለቱ ነው። ጻፍኩ።

ወይዘሮ አሰጋሽ ተነሳች። ይቅርታውን ተቀብያለሁ፣ አሁን የበሩን ነገር እንጨርስ አለች። እንደሷ ቀጥ ያለ ሰው አላየሁም። በሩ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት እንዲከፈት፣ ወላጆች በተራ እንዲቆሙ ተወሰነ። ማን ይቆማል ሲባል መጀመሪያ እጁን ያወጣው አባዬ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመሄዱ በፊት። ቀጥሎ የተደረገው ምርጫ ላይ ወይዘሮ አሰጋሽ ሰብሳቢ ሆና ተመረጠች። አልፈለገችም ነበር፤ አጨበጨቡላትና ተቀበለች።

ሲያልቅ አባዬና ወይዘሮ አሰጋሽ በር ላይ ቆመው ሲያወሩ ነበር። ቢኒ ካሜራውን አነሳ፤ ወደ እኔ ዞሮም ፈቃዴን ጠበቀ። አንሳ አልኩት።

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

በሩ ተከፈተ። ኦቦ ዲንቃ ዝገቱን በዘይት አራሱት፤ ሲከፈት ግን ሰፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰ። አባዬ ኮቱን ለብሶ ዳር ቆሞ ልጆቹን ያሳልፋል። ሉሲ በክራንች መጣች። የአባዬ ጫማ አጠገብ ቆማ «አንተ ነህ የዘጋኸው?» አለችው። እኔ ነኝ አላት። ትንሽ አስባ አለፈች።

እኔ ደግሞ ወይዘሮ አሰጋሽን እዚያው ያዝኳት። ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ በር ከፈተ፤ ዋናው በር ፊት ግን አሁንም ማቋረጫ መስመር የለም፣ ፍጥነት መቀነሻም የለም። በአስፋልቱ ማዶ የሚኖሩት ልጆች እንዴት ይሁኑ ብዬ ጠየቅኳት። ስልኬን ስታይ ሳቀች።

«ልጄ፣ ገና ከትናንት ወዲያ እኮ ነው የተመረጥኩት።»

«አውቃለሁ። መቼ ልምጣ?»

ከሰዓት ሱቅ ነይ አለችኝ። ሄድኩ። ስፌቷን አቁማ ሁሉንም መለሰችልኝ፤ አንዱን ጥያቄ ግን አልወደደችውም። ወረዳው ጋ የሚሄድ ደብዳቤ እንጽፋለን አለች። መቼ ብዬ ቀኑን አስቆረጥኳት።

ማታ አባዬ ራት ላይ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዘንበል አለ። ወይዘሮ አሰጋሽን አነጋገርሽ አሉ፣ ምን አለች አለኝ።

«ግድግዳው ላይ ሲወጣ ታነበዋለህ» አልኩት።

እማዬ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። አባዬ መጀመሪያ አየኝ፤ ከዚያ ሳቀ። ያ ስብሰባ ላይ የሚስቀው ሳቅ አይደለም፤ ጎረቤት የሚሰማው፣ ዓይኑን የሚያስጠርገው ሳቅ ነው። እጁን ታጠበና እንጀራ ቆርሶ በትልቁ አጎረሰኝ።